ቃሉ ሲጻፍ ዜማው ለምን ይቀራል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በተነሣ ቍጥር የሚወሳው ባለቅኔነታቸው ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም፥ ለቴአትር ዜማ ይደርሱ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ የሚከተለውን አሳብ ለአንባቢያን አቀርባለሁ።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ከእኛ ከቦረና ዓባይን ተሻግሮ ባለው በጎጃም፥ ደብረ ኤልያስ የተወለዱ የቤተ ክህነት ልጅ ናቸው። ማዕርጋቸውም ቢሆን በማኅሌት ጊዜ በቀኝ ወገን ለሚቆሙት መዘምራን አለቃ የሚሰጥ ነው። አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፥ ቴአትር እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን ያለማምዱ ነበር። በማኅሌት ቃሉ፥ ዜማውና ሽብሸባው እንደማይለያዩ ሁሉ፥ በእርሳቸውም ቴአትር ንግግሩና መዝሙሩ አንድ ላይ የሚሄዱ ነበሩ። ሰምና ወርቁንም አልተዉም፤ አፋጀሽኝ የተባለው ቴአትራቸው የጠላትን ወረራ በምሳሌ የሚያሳይ ነው።

በ1939 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግጥሞቻቸው በወረቀት ላይ ቆይተውልናል። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ግን ከቃሉ ጋር ዜማውም ሳይዛነፍ ዘልቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቃሉን ዮፍታሔ ሲደርሱት፥ ዜማውን በ1916 ዓ.ም. ከአርባው የአርመን ልጆች ጋር የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን በኖታ ጽፈውት ነበር። ያልተጻፈ ዜማ ግን የሰሙት ሰዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ኖታ የባዕድ ነገር ነው የሚሉ አሉ። ዜማን በጽሕፈት ማቆየት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዚሁ ከአማራ ሳይንት፥ ከተድባበ ማርያም፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1533–1551 ዓ.ም.) ለድጓው የዜማ ምልክት እንዳበጁለት ታሪክ ያስረዳል። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ምልክት መሪጌታው ባይኖርም እንኳ ተማሪውን ይመራዋል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ መጻሕፍታችንን ሲወስድ የወሰደው ጠላት ነበረ፤ የዛሬው ዜማ ቢጠፋ ግን የምናመካኝበት ጠላት የለንም።

እንግዲህ የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች የኪነት ክበባት ለበዓል አዲስ መዝሙርና ቴአትር ባዘጋጁ ቍጥር ሦስት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። አንደኛ፥ ግጥሙን ከቃል ደራሲውና ከዜማ ደራሲው ስም ጋር ይጻፉ። ሁለተኛ፥ ቅኝቱ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ መሆኑን ያስፍሩ። ሦስተኛ፥ ዜማውን በስልክም ቢሆን ቀድተው፥ ኖታ የሚያውቅ መምህር ሲገኝ ያስጽፉት። የተሰበሰበውም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ይህ የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ደብተርና ትጋት ነው።

በእነዚህ ልጆች መካከል ነገ እንደ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ያለ ደራሲ ሊወጣ ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ፥ የልጅነት ሥራው ከነዜማው እንዲገኝ ከአሁኑ ይታሰብበት ስል አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ አንባቢ
ከመካነ ሰላም፥ ቦረና