አዲስ ስፒከር ሲገዙ ከካርቶኑ ይልቅ ጆሮዎን ይመኑ

ስፒከር ሊገዛ መርካቶ የወጣ ሸማች በመጀመሪያ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ጎን «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ካለ የሚያመለክተው ለቅጽበት የሚታሰብን ኃይል ነው፤ አለካኩም ወጥ ደረጃ የለውም። ያለማቋረጥ የሚሰጠውን የሚገልጸው «አር.ኤም.ኤስ.» የተባለው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤት አምፕሊፋየሮች የኃይል አገላለጽ ደንብ ያወጣችው በተጋነኑ ቁጥሮች ምክንያት ነበር።

አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለ ስፒከር ከሆነ ጀርባውን ማየት ይጠቅማል። ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወስደው 40 ዋት ከሆነ 1,000 ዋት ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። ኃይሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ በመሆኑ፣ ለዋት ብቻ እጥፍ ዋጋ መክፈል አያዋጣም።

ሁለት ስፒከሮች ሲወዳደሩ ጮክ ያለው የተሻለ መስሎ ይሰማል። ስለዚህ ሻጩ የሁለቱን ድምፅ እኩል እንዲያደርግ ይጠየቅ። ገዢው አሳምሮ የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ሄዶ መጀመሪያ የዘፋኙን ድምፅ፣ ቀጥሎ ቤዙን ቢያዳምጥ ይመረጣል። ዘፋኙ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል የቆመ ካልመሰለና ቤዙ ከሳሳ፣ የአንዱ ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል።

ከግድግዳ ጥግ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ ይበዛል። ሱቅ ውስጥ የተወደደው ዕቃ ቤት ሲገባ ሌላ ሊመስል ስለሚችል፣ ከመክፈል በፊት መመለስ ይቻል እንደሆነ መጠየቅና ደረሰኝ መያዝ ከኪሳራ ያድናል።