ያውቁ ኖሯል? ያልወለደች ሴት ጡትም ወተት ሊያወጣ ይችላል

ያላረገዘችና የማታጠባ ሴት ጡቷ ወተት ቢያወጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን መብዛቱ ነው። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲል፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና በአንጎል ሥር ባለችው የፒቱታሪ ዕጢ ላይ የሚወጣ እባጭ ሆርሞኑን ከፍ ያደርጉታል። የታይሮይድ ዕጢ መዳከምም እንዲሁ፤ እንቅርት በማይጠፋበት አገራችን ይህን መርሳት አይገባም። ልጅ ጡት ካስጣሉ በኋላ ለወራት ጠብ የሚል ወተት ግን አያስጨንቅም፤ ደጋግሞ መጭመቅ ያባብሰዋል እንጂ አያደርቀውም።

ደም የቀላቀለ የጡት ፈሳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በወተት ቱቦ ውስጥ ከሚበቅል፣ ካንሰር ካልሆነ ሥጋ ነው። አልፎ አልፎ ግን ካንሰር ይሆናል። የጨፋ ሸለቆ እህቶች ሆይ፣ ሳይጨመቅ ከአንዱ ጡት ብቻ ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም እብጠት ከተዳበሰ፣ ሳታፍሩ ከሚሴ ሆስፒታል ሄዳችሁ ተመርመሩ።