የመሬት ቀያሹ አብርሃም ሊንከን

ድንበር በትክክል ባልተለካበት አገር ዳኛ ዕረፍት የለውም፤ ባላገርም እርሻውን ትቶ በሙግት ይውላል። መሬት የሚለካው ሰው ታማኝ መሆኑ ለሕዝብ ምን ያህል እንደሚጠቅም የአሜሪካው አብርሃም ሊንከን የወጣትነት ታሪክ ይገልጣል።

ሊንከን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 በኬንታኪ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1831 በኢሊኖይ ግዛት ኒው ሳሌም በምትባል ትንሽ መንደር ተቀመጠ። ያ አገር በዚያን ጊዜ አዲስ ሰፋሪዎች የሚገቡበት ጠረፍ ነበረ። በ1832 ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ሳይመረጥ ቀረ፤ ከባልንጀራው ጋራ የያዘውም ሱቅ ከስሮ ዕዳ ተሸከመ።

በ1833 የሳንጋሞን አውራጃ ቀያሽ ጆን ካልሁን ሊንከንን ምክትሉ አደረገው። ካልሁን በፖለቲካ የተቃራኒ ወገን ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ለሥራው የሚበቃውን ሰው ከመሾም ይህ አላገደውም። ሊንከን በትምህርት ቤት የቈየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም ነበር፤ ሆኖም የቅየሳ መጻሕፍትን በራሱ አጥንቶ፥ ኮምፓስና ሰንሰለት ይዞ ሥራ ጀመረ።

ያ ሰንሰለት 20 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ከ100 ዘለበት የተሠራ ነው፤ 80 ሰንሰለትም አንድ ማይል ይሆናል። በመጎተት ብዛት በአንድ ዘለበት ልክ ቢረዝም፥ በአንድ ማይል ላይ ስሕተቱ 16 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይኸውም የአንዱን እርሻ ለጎረቤቱ መስጠት ነው። የቃላድን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን ፈጥኖ ያስተውላል።

ሥራው ከመንደር ወደ መንደር ስለሚያዞረው ብዙ ገበሬዎች አወቁት። በ1834 ለግዛቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጠ። በዚያን ዘመን ባለ ዕዳ ከሶት ፈረሱና የመለኪያ ዕቃው በሐራጅ ቢሸጥ፥ ጄምስ ሾርት የሚባል ጎረቤቱ ገዝቶ መለሰለት። ሊንከን ዕዳውን ለብዙ ዓመት ሲከፍል ኖሮ ጨረሰ። በ1836 የፒተርስበርግን ከተማ ቀየሰ፤ በ1836፥ በ1838ና በ1840 ደግሞ በድጋሚ ተመረጠ። በ1861 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ።

እንግዲህ ቀያሽ የሚሾም ሹም ወገኑን ሳይሆን ዕውቀቱንና ታማኝነቱን ይመርምር፤ መለኪያውንም ሥራ ሳይጀመር ያስመርምር። በመሬት ላይ የተሳሳተ ልክ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጠብ ነውና።