ወፍራሟ ዘፋኝና የተጻፈላት ታሪክ

በላቲን አሜሪካ አንድ ባል ሚስቱን «ጎርዳ» ብሎ ሲጣራ ብትሰሙ ስድብ እንዳይመስላችሁ። ቃሉ በስፓኝኛ «ወፍራም ሴት» ማለት ቢሆንም፣ በብዙ ቤት እንደ «ሆዴ» የሚነገር የፍቅር መጥሪያ ነው፤ ቀጭኗም ትጠራበታለች። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ግን ወፍራም ሴት ብዙ ጊዜ እንዲህ አትወደድም።

የኩባዋን ዘፋኝ የፍሬዲን ነገር ተመልከቱ። ሙሉ ስሟ ፍሬዴስቪንዳ ጋርሲያ ሲሆን፣ በሃቫና ከተማ በሰው ቤት ወጥ እየሠራች የምትኖር ድሃ ሴት ነበረች። ማታ ማታ ወደ መጠጥ ቤት ጎራ እያለች ቦሌሮ የሚባለውን የፍቅር እንጉርጉሮ ትዘፍን ነበር። ድምፅዋ እጅግ ጎርናና ስለሆነ ሸክላዋን ብቻ የሰማ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ለመለየት ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ያስቀረጸችው ሸክላ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ሆነ። በ1961 በፖርቶ ሪኮ ሳለች ልቧ ቆሞ በወጣትነቷ ሞተች።

ከስድስት ዓመት በኋላ ያገሯ ልጅ ደራሲ ጊየርሞ ካብሬራ ኢንፋንቴ «ሦስት ያዘኑ ነብሮች» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ላ ኤስትሬያ የምትባል ወፍራም፣ ጥቁር፣ የቤት ሠራተኛ የሆነች ዘፋኝ አመጣ። የተቀዳችው ከፍሬዲ ነው። ታሪኳን የሚተርከው ፎቶግራፍ አንሺ በድምፅዋ ይመሰጣል፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን ገላዋን ከዓሣ ነባሪ ጋር ሳያመሳስል አያልፍም። አሟሟቷንም ደራሲው ለውጦታል፤ ሜክሲኮ ሄዳ ከባድ እራት በልታ ሞተች ይለናል። በሰው ማጀት ስታበስል የኖረችውን ሴት በገዛ ሆዷ ገደላት!

በዚያው በ1967 የኮሎምቢያው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን አሳተመ። በውስጡ «ዝሆኒት» የሚል ቅጽል የወጣላት ካሚላ ሳጋስቱሜ አለች፤ የልጆች እናትና የድምፅ ማሠልጠኛ ኃላፊ ናት። ከአንድ ሆዳም ወንድ ጋር በመብል ትወዳደራለች። እሱ ሲዝል አይታ ስለ ሕይወቱ ትሰጋና በእኩልነት እንዲለያዩ ትለምነዋለች። እምቢ ብሎ ሳህኑ ላይ ተደፋ። እርጋታውም ርኅራኄውም የእሷ ነው። ይኸው ደራሲ ግን ሁልጊዜ ደግ አልነበረም፤ በ1972 ባወጣው ታሪክ የልጅ ልጇን ገላ የምትሸጠው ጨካኝ አያት ያው እንደ ዓሣ ነባሪ የገዘፈች ናት።

ወደ ፍሬዲ እንመለስ። ኤላ ኦፋሪል የተባለች የኩባ የዜማ ደራሲ በስሟ የሠራችላት ዘፈን በዚያች ሸክላ ላይ አለ። ዘፈኑ ሐዘኗን በዜማ ስለምታስታግስ፣ ትናንት ከቁጥር ሳትገባ ዛሬ ኮከብ ስለተባለች ሴት ነው። ስለ ኪሎዋ አንዲት ቃል የለበትም።