በ13 ድምፅ የተገታው ጥቃት

ነሐሴ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ በሶሪያ መዲና በደማስቆ ዳርቻ በሚገኘው ጉታ ላይ ሳሪን የተባለ የነርቭ መርዝ የጫኑ ሮኬቶች ወደቁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙ ሕፃናት ጭምር፣ የጥይት ቁስል ሳይታይባቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ። ዋሽንግተን፣ ለንደንና ፓሪስ ጥፋተኛው የበሽር አል አሳድ መንግሥት ነው አሉ። የአሜሪካ የጦር መርከቦችም በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ተጠጉ። ሶሪያን መደብደብ የቀናት ጉዳይ መሰለ።

የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ፓርላማውን ከዕረፍቱ ጠሩ። በብሪታንያ ጦር የማዝመት ሥልጣን በዘውዱ ስም የመንግሥት ነው፤ ፓርላማን እንዲያስፈቅድ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. የቶኒ ብሌር መንግሥት ወደ ኢራቅ ከመዝመቱ በፊት ምክር ቤቱን ድምፅ ካሰጠ ወዲህ፣ እንደራሴዎችን ሳያማክሩ መዝመት ነውር ሆኖ ነበር። ያኔ 412 እንደራሴዎች ደግፈው 149 ተቃወሙ። ለዘመቻው ምክንያት የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ግን ኢራቅ ውስጥ አልተገኘም። ከአሥር ዓመት በኋላ ካሜሮን ስለ ሶሪያ ሊያስረዱ ሲቆሙ፣ ከፊታቸው የተቀመጡት እንደራሴዎች ሁሉ የሚያስቡት ስለ ኢራቅ ነበር።

መንግሥት ውጥኑን አለዝቦ ነበር ያቀረበው። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ሪፖርት እስኪመጣ እንደሚጠበቅ፣ ብሪታንያ በቀጥታ ከመሳተፏ በፊትም ሁለተኛ ድምፅ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። አልበቃም። ነሐሴ 23 ምሽት ላይ የድምፅ መስጫው ደወል ተደወለ። በዚያ ምክር ቤት እጅ አይወጣም፤ የሚደግፈው በአንዱ ኮሪደር፣ የሚቃወመው በሌላው እያለፈ ይቆጠራል፤ ከስምንት ደቂቃ በኋላም በሮቹ ይዘጋሉ። ሁለት ሚኒስትሮች አጠገብ ባለ ክፍል ወሬ ይዘው ደወሉን ሳይሰሙ በሩ ተዘጋባቸው። ውጤቱ ሲነበብ ደጋፊ 272፣ ተቃዋሚ 285 ሆነ። ከተቃወሙት መካከል ሠላሳዎቹ የካሜሮን የራሳቸው ፓርቲ አባላት ነበሩ። የተቃዋሚው መሪ ኤድ ሚሊባንድ ወዲያው ተነሥተው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዘውዱ ሥልጣን ተጠቅመው እንዳያዘምቱ ማረጋገጫ ጠየቁ። ካሜሮን የምክር ቤቱን ፍላጎት እንደተረዱና በዚያው መሠረት እንደሚሠሩ መለሱ።

አትላንቲክን ተሻግሮም ተመሳሳይ ግፊት ነበር። ከመቶ በላይ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ኮንግረሱን ሳያስፈቅዱ ጥቃት እንዳይጀምሩ በደብዳቤ ጠየቁ። ከሃምሳ በላይ ዴሞክራቶች የፈረሙበትን ሌላ ደብዳቤ ያስተባበሩት ባርባራ ሊ ነበሩ፤ በ1994 ዓ.ም. መባቻ፣ ከመስከረም አንዱ የሽብር ጥቃት ማግስት፣ ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ የጦር ሥልጣን ሲሰጥ 420 ለ1 ብቻቸውን የተቃወሙት ሴት። ኦባማ ከለንደኑ ድምፅ ሁለት ቀን በኋላ ጉዳዩን ወደ ኮንግረስ እንደሚወስዱ አስታወቁ።

የተገኘው ጊዜ ዋጋው የታየው ቀጥሎ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ ለንደን ላይ፣ አሳድ ከጥቃት የሚድንበት መንገድ አለ ወይ ተብለው ተጠየቁ። የኬሚካል መሣሪያውን በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያስረክብ፣ ግን አያደርገውም አሉ። የሩሲያው አቻቸው ሰርጌይ ላቭሮቭ በሰዓታት ውስጥ ሐሳቡን ይዘው ብቅ አሉ፤ ሶሪያም ተቀበለች። መስከረም 4 ቀን 2006 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ስምምነት ተደረሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ሶሪያ ካሳወቀችው 1,300 ቶን ገደማ ኬሚካል የመጨረሻው ጭነት ከአገሪቱ ወጣ። ከፊሉ ኬፕ ሬይ በተባለች የአሜሪካ መርከብ ላይ ባሕር መካከል መከነ። ይህን ያህል መርዝ በቦምብ ድብደባ ማጥፋት ባልተቻለ ነበር።

ይህ ማለት እንደራሴዎቹ ሶሪያን አዳኑ ማለት አይደለም። ጦርነቱ ቀጠለ፤ አሳድም ያላሳወቀው መርዝ ነበረው፤ መጋቢት 2009 ዓ.ም. የሶሪያዋ ከተማ ካን ሼኩን በሳሪን ተመታች። የመርዝ ጋዝ ዜና ለኢትዮጵያዊም ባዕድ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የፋሽስት ኢጣሊያን ጋዝ ሲከሱ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ከጦርነት ታቅቦ ነበር፤ ከመታቀብ በቀር ግን ለተበደለው የረባ ነገር አላደረገም። የ2005ቱ መታቀብ ከዚያኛው የሚለየው ዲፕሎማቶች ጊዜውን ስለተጠቀሙበት ነው። ጄኔቭ ላይ ስምምነት ባይደረስ ኖሮ፣ የለንደኑ ድምፅ ከዝምታ ባልተለየ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ብሪታንያ፣ አሜሪካና ፈረንሳይ፣ በዱማ ከደረሰ ሌላ የኬሚካል ጥቃት በኋላ፣ ሶሪያን በሚሳይል መቱ። ፓርላማው ዕረፍት ላይ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ድምፅ አላሰጡም። የተቃዋሚው መሪ ጄረሚ ኮርቢን፣ ከዘመቻ በፊት የፓርላማን ፈቃድ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ይውጣ ሲሉ ጠየቁ። ሕጉ አልወጣም።