የተጎዳ መሬት እንዴት ያገግማል?

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ በየቤቱ ጓሮ ያለውን እንሰት እንመልከት። አፈሩ ጥቁርና ልል ነው። እንሰቱም ለምለም ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ከቤት የሚወጣው ፍግና አመድ እዚያው ስለሚደፋ ነው። ከጓሮ የራቀው ተዳፋት ማሳ ግን ፍግ አይደርሰውም። ለም አፈሩን ጎርፍ ጠርጎት፣ መሬቱ ገርጥቶ ይታያል።

“ታዲያ ማዳበሪያ ብንበትንበትስ?” የሚል ይኖራል። ማዳበሪያ ብቻውን አይበቃም። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ናይትሮጅን ቅጠልን የሚያለመልም ምግብ ነው። ነገር ግን ዩሪያ በውሃ ቶሎ ይሟሟል። እርከን በሌለው ተዳፋት ላይ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ገንዘባችንም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ሥራው ተራ አለው።

አንደኛ፦ እርከን እንሥራ። ቦረቦሩን በድንጋይ እንከትር። ከብትም እናግድ።

ሁለተኛ፦ ፍግና ብስባሽ እናልብስ። እነዚህ አፈሩን ያለሰልሳሉ፤ እርጥበትም ይይዛሉ።

ሦስተኛ፦ መሬቱ ሲርስ ማዳበሪያ በልኩ እንጨምር። ዩሪያ ላይ ላዩን ከቀረ ከፊሉ ተንኖ ይጠፋልና አፈር እናልብሰው። ልኩን የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ።

ኩበት ያነደደ እህሉን አነደደ ማለት ነው። ለማገዶ ባሕር ዛፉ ይሁን፤ ፍጉን ለመሬቱ እንመልስለት።