የአንድ ጅላል ውኃ ስንት በግ ያወጣል?

ከጅግጅጋ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በመጓዝ ሀርሺን የደረሰ እንግዳ ወንዝ ቢፈልግ አያገኝም። አካባቢው ሃውድ ከሚባለውና ድንበር ተሻግሮ ወደ ሶማሌላንድ ከሚዘልቀው ሰፊ ሜዳ ክፍል ነው። ሣር ያበቅላል፣ ግራር ያበቅላል፤ በዝናብ ወቅት ለከብት እጅግ የተመቸ ግጦሽ ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ ግን በጣም ጥልቅ በመሆኑ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ አይደርስበትም። ስለዚህ የሀርሺን ሰው የሚጠጣው ከሰማይ የወረደውን ነው፤ እሱንም ካጠራቀመ።

የሚጠራቀመውም በቢርካ ነው። ቢርካ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ አራት ማዕዘን ገንዳ ሲሆን፣ በመሬት ላይ የሚፈሰው ጎርፍ በቦይ ተመርቶ ይገባበታል። በሃውድ ቢርካ መሠራት የጀመረው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አርብቶ አደሩ ዝናቡ ሲያልፍ ከብቱን ይዞ ቋሚ ጉድጓድ ወዳለበት ስፍራ ይመለስ ነበር። ቢርካው ያንን ጉዞ አስቀረ፤ መንደር አቆመ፤ ውኃንም የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ አደረገው። ግጦሹ ራሱ ቀስ በቀስ በእሾህ አጥር እየተከለለ የግል መሆኑ ከዚሁ ጋር የመጣ ለውጥ ነው።

ቢርካ ያለው ቤተሰብ ከገዛ ገንዳው ይቀዳል። የሌለው ይገዛል። ጅላል ተብሎ የሚጠራው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀው ረጅም ደረቅ ወቅት ሲገባ ዋጋው መውጣት ይጀምራል፤ ቢርካዎች ሲነጥፉ ደግሞ ተስፋው የውኃ ቦቴ ብቻ ይሆናል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ቀላል የሚመስል ነው። ለገዢው የሚሻለው ውኃውን በየዕለቱ በበርሜል መግዛት ነው ወይስ ጅላል ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ሁሉ ድርሻ በአንድ ጊዜ መክፈል?

በረዶ የማያውቁ ሰዎች የበረዶ ሂሳብ

ይህ ጥያቄ በሒሳብና በኮምፒዩተር ሳይንስ ውስጥ የታወቀ ነው። ስሙ ግን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነው፤ የስኪ ኪራይ ችግር ይባላል። ስኪ በእግር ላይ በሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ ከበረዶ ተራራ ቁልቁል የመውረድ ስፖርት ነው። (በአፍሪካም በሞሮኮና በሌሶቶ ይዘወተራል። የእኛ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም በረዶው ስለማይቆይ ለዚህ አይሆንም።) ተንሸራታቹ መሣሪያውን በየቀኑ ይከራይ ወይስ ይግዛ? ስንት ቀን እንደሚንሸራተት ቀድሞ ቢያውቅ መልሱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሂሳብ በሆነ ነበር። ችግሩ አለማወቁ ነው።

የስኪ ንግዱም ከዚህ አለማወቅ ላይ ቆሟል። ቬይል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤፒክ ፓስ የሚል የወቅት ፈቃድ በ579 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ገዢው በረዶ ሳይወርድ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በወቅቱ የፈለገውን ያህል ቀን በኩባንያው ተራሮች ላይ ይንሸራተታል። ለደንበኛው ቅናሽ ይመስላል፤ ነውም። ኩባንያው ግን ከቅናሹ የሚበልጥ ነገር ያገኛል፤ በረዶው ቢቀር ኪሳራው አስቀድሞ ከፍሎ የጨረሰው ሰው ይሆናል። የአየር ጠባዩ አደጋ ከሻጭ ወደ ገዢ ተሻገረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 አና ካርሊን፣ ማርክ ማናሴ፣ ላሪ ሩዶልፍና ዳንኤል ስሌተር ስለ ኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚሆን ደንብ ይገኛል። ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ ለኪራይ ያወጣኸው ገንዘብ ከመግዣው ዋጋ ጋር እስኪተካከል ተከራይ፣ ልክ ሲተካከል ግዛ። እንዲህ ያደረገ ሰው የወደደው ቢመጣ፣ የወቅቱን ርዝመት አስቀድሞ ካወቀ ሰው ወጪ ከእጥፍ በላይ አያወጣም። ትንቢት ሳያስፈልግ ኪሳራን መገደብ መቻሉ የሚያስደንቅ ነው። በኋላም ውሳኔውን በዕጣ የሚወስን ስልት ይህን እጥፍ በአማካይ ወደ 1.58 ሊያወርደው እንደሚችል ተረጋግጧል።

አሁን ወደ ሀርሺን እንመለስ። እስቲ አንድ ቤተሰብ እናስብ፤ ስድስት ነፍስ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ብንመድብ 60 ሊትር ይሆናል፤ ይህ በአስቸኳይ ዕርዳታ ሥራ እንደ ዝቅተኛ መለኪያ ከሚጠቀሰው 15 ሊትር ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል። 35 በጎችና ፍየሎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 4 ሊትር ቢጠጡ 140 ሊትር። ድምሩ 200 ሊትር፣ ልክ አንድ በርሜል። ግመሎቹን ትተናቸዋል፤ ግመል ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይጠጣ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ስለሚጠጣ የራሱ ስሌት ይፈልጋል።

ጅላሉ 120 ቀን ቢቆይ ቤተሰቡ 120 በርሜል ያስፈልገዋል። የበርሜሉን ዋጋ በጅላል መግቢያ አንድ ብለን እንጥራው፤ የወቅቱን ድርሻ ቀድሞ ለሚከፍል ደግሞ ባለ ቢርካው በ80 ተስማማ እንበል። እነዚህ ቁጥሮች ለስሌት ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ዋጋው ባይለወጥ መተካከያው 80ኛው ቀን ነው። ዝናቡ በ50ኛው ቀን ቢመጣ ቀድሞ የከፈለው 30 ከሰረ፤ በ120ኛው ቢመጣ 40 አተረፈ። በሊቃውንቱ ደንብ የተመራው ደግሞ 79 ቀን በየዕለቱ ገዝቶ በ80ኛው ቀን የወቅቱን ድርሻ ቢከፍልና በማግስቱ ቢዘንብበት 159 አውጥቷል፤ ከ80 እጥፍ በታች ነው። ደንቡ ሠራ።

ነገር ግን በሀርሺን ይህ ደንብ የሚሠራው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በስኪ መንደር የኪራይ ሱቁ በ80ኛውም ቀን በዚያው ዋጋ ክፍት ነው። በጅላል 80ኛ ቀን በመግቢያው ዋጋ ውኃውን የሚሸጥ ባለ ቢርካ ከየት ይገኛል? ሊቃውንቱ የገመቱት ገዢ ሁልጊዜ የሚገዛው ነገር እንዳለ ነው፤ ድርቅ ደግሞ በትክክል ይህንን ግምት የሚያፈርስ ነገር ነው።

ዋጋውን በበግ ስንቆጥረው

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል። አርብቶ አደሩ ውኃ የሚገዛው በብር ቢሆንም ብሩ የሚመጣው ከበግ ነው። ጅላል ሲገፋ የውኃ ዋጋ ይወጣል፤ በዚያው ጊዜ በጉ ይከሳል፣ ሻጩ ይበዛል፣ የበግ ዋጋ ይወርዳል። ሁለቱ መቀሶች በአንድ ላይ ይቆርጣሉ።

ምሳሌያችንን እንቀጥል። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት በርሜሉ በ1፣ በጉ በ20 ይሸጥ። በሚቀጥሉት 30 ቀናት በርሜሉ 1.5፣ በጉ 15 ይሁን። በመጨረሻዎቹ 30 ቀናት ውኃው በቦቴ የሚመጣ ይሁንና በርሜሉ 3፣ በጉ 10 ይድረስ። በየዕለቱ የሚገዛው ቤተሰብ በመጀመሪያው ዙር 60 ያወጣል፤ ሦስት በግ። በሁለተኛው 45፤ አሁንም ሦስት በግ። በሦስተኛው 90፤ ዘጠኝ በግ። በድምሩ አሥራ አምስት በግ ሄደ። ቀድሞ የከፈለው ጎረቤቱ ግን በጉ ሰብቶ ሳለ አራት ሸጦ 80ውን ከፍሏል። መንጋው ሲያንስ የሚጠጣውም እንደሚያንስ የሚከራከር አንባቢ እውነት አለው፤ ሆኖም ውኃ በመቀነስ የተገኘው ቁጠባ መንጋን በማጣት የመጣ ነው።

ዝናቡ በ60ኛው ቀን ቢመጣ ቀድሞ የከፈለው የሚያጣው አንድ በግ ብቻ ነው። ጅላሉ እስከ መጨረሻው ቢዘልቅ የሚያተርፈው አሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ዓመት አንዱ ብቻ እንዲህ ያለ ክፉ ዓመት ቢሆን እንኳ ሂሳቡ እኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ በሰፊ አካባቢ፣ የሶማሌ ክልልን ብዙ ወረዳዎች ጨምሮ፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ መክሸፋቸውን ለሚያስታውስ ሰው ከአሥራ ሁለት አንድ የሚለው ግምት የዋህ ይመስለዋል። የበግ ዋጋም በድርቅ ብቻ አይወርድም። የሀርሺን በግ ከበርበራ ወደብ ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 የጣለችው እገዳ እስከ 2009 ሲቆይ ጉዳቱ እስከ መንደሩ ገበያ ደርሷል።

ባለ ቢርካውስ?

እስካሁን የገዢውን ወገን ብቻ አየን። ባለ ቢርካው 20 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ቢኖረው 360 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,800 በርሜል ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ 120 በርሜል ከሆነ ለአሥራ አምስት ቤተሰብ ይበቃል ብሎ ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል?

ፀሐይ ትፈርድበታለች። በእንዲህ ያለ ቆላማ ሜዳ ክፍት ውኃ በቀን 5 ሚሊ ሜትር በትነት ይቀንሳል ብንል፣ በ120 ሜትር ካሬ ላይ 600 ሊትር ወይም ሦስት በርሜል ነው። ሦስት ቤተሰብ ሳይታዩና ሳይከፍሉ በየቀኑ ይጠጣሉ እንደማለት ነው። አሥራ አምስቱ ገዢዎችና ፀሐይ በአንድነት በቀን 18 በርሜል ሲወስዱ ገንዳው በ100ኛው ቀን ይነጥፋል፤ ውሃው በጣም በሚወደድበት ወቅት ሃያ ቀን ቀርቶ። ትክክለኛው የገዢ ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። በስኪ መንደር ፈቃድ ከመጠን በላይ ቢሸጥ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ተራራው አያልቅም፤ እዚህ ግን ያልቃል። ገንዳውን በእሾህ ቅርንጫፍ ወይም በቆርቆሮ በመሸፈን ትነቱን በግማሽ መቀነስ ቢቻል አሥራ ሦስተኛ ቤተሰብ ይጨመራል። ከገንዳው ግርጌ 30 ሴንቲ ሜትር ደለል ካለ ደግሞ 180 በርሜል ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ስለዚህ ደለል መጥረግ ለሲሚንቶ ከሚወጣው ገንዘብ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ዱቤ። በክልሉ ባለ ቢርካዎች ለሚያውቁት ሰው ውኃ ሰጥተው ዝናብ ከዘነበ በኋላ መከፈላቸው የታወቀ ነው። በዱቤ የዝናቡ አደጋ በሻጩ ላይ ነው፤ ዕዳው ግን የሚቆጠረው በጅላል ዋጋ ከሆነ፣ በጉ ያለቀበት ቤተሰብ ዝናቡን የሚቀበለው ባለ ዕዳ ሆኖ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የቅድሚያ ክፍያ ከዱቤው የሚሻለው ውኃው መኖሩን ገዢው ራሱ መመልከት ከቻለ ብቻ ነው። ሽማግሌዎች በሄር፣ በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ ውሉን ቢመሰክሩ መልካም ነው። ይሁንና ሽማግሌ የተነነውን ውኃ አይመልስም።

መመልከቻው ውድ መሣሪያ አይደለም። በቢርካው ግድግዳ ላይ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ በቀለም የተሠመረ መስመር ይበቃል። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሲቀዳና ትነቱ ሲጨመር ውኃው በቀን 2.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በ40ኛው ቀን አንድ ሜትር። አሥራ አምስት ከሆኑ በቀን 3፣ በ40ኛው ቀን 1 ሜትር ከ20። እነዚያ ሃያ ሴንቲ ሜትሮች ገንዳው ሊደርቅ ስድሳ ቀን ሲቀረው በዓይን የሚታዩ ናቸው። ያን ጊዜ በጉ ገና አልከሳም፤ በርሜሉም ገና በአንድ ነው የሚሸጠው።